የአባቴ መጠን

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ። ፍቺ አውቃለሁ የሚል ሰው ካለ ፍቺውን ለራሱ ይያዘው፤ እኔ አልፈልግም።

ወደ ሕልሙ ከመግባቴ በፊት ሥራዬን ልንገራችሁ። ደሴ ፒያሳ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ባለ ስቱዲዮ ውስጥ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ሙት ዓመት፤ ያልሠራሁት የለም። የሰው ደስታና የሰው ሐዘን በፍላሽ ይመጣልኛል፣ እኔ አሳምሬ እመልሳለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የሥራው ግማሽ ማሳደግና ማሳነስ ነው። ክሊፑ ላይ አንድ ነጥብ ትተክላላችሁ፣ መጠኑን መቶ ትሉታላችሁ። ትንሽ ወደፊት ሄዳችሁ ሌላ ነጥብ ትተክላላችሁ፣ መቶ ሃምሳ ትሉታላችሁ። መሃሉን ኮምፒውተሩ ራሱ ይሞላዋል። ምስሉ ቀስ እያለ ያድጋል፣ ሙሽሪት ወደ እናንተ የምትመጣ ትመስላለች፣ ዘመድ አዝማድ ያለቅሳል። ነጥቡን ኪፍሬም እንለዋለን። ሌላ ምስጢር የለውም።

አባቴ ከሞተ የፊታችን እሑድ ዓመቱ ነው። ለሙት ዓመቱ የሚታየውን ቪዲዮ እኔ እንድሠራ ቤተሰቡ ወሰነ፤ እኔ እያለሁ ሌላ ማን ይሠራዋል? ሦስት ቀን ሙሉ ፎቶ ፈለግኩ። አባቴ ግን ካሜራ ሲወጣ ተቀብሎ «እናንተ ቁሙ፣ እኔ ላንሳችሁ» የሚል ሰው ነበር። አልበሙን ሁሉ ገለበጥነው፣ ሁላችንም አለን፣ እሱ የለም። በመጨረሻ የተገኘው አንድ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ከመታወቂያው ላይ የተላጠ፣ ግማሽ አገጩን ማህተም የበላው። ስካን አድርጌ መጠኑን ሳሳድገው ፊቱ ተበታትኖ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆነ። አፍንጫው ስድስት ካሬ፣ ዓይኑ አንድ አንድ። አባቴ የውሃ ቧንቧ ጠጋኝ ነበር፤ የሰፈራችንን በር ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ሰው። የማላውቀውን ሰው አያት ሁሉ በስክሪን ሙሉ ሳሳይ ኖሬ የራሴን አባት ከክብሪት ቀፎ በላይ ማሳደግ አቃተኝ። ተናድጄ ተኛሁ።

በሕልሜ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ደጅ ቆሜ ነበር። ረፋድ ነው፣ ፀሐዩ ይፋጃል። ሰልፉ ከበሩ ተነስቶ አስፋልቱን አቋርጦ ይሄዳል። ሰልፈኞቹ ፎቶዎች ነበሩ። ፎቶዎቹ ክፈፋቸውን አጥብቀው፣ መስታወታቸውን ወልውለው ተራቸውን ይጠብቃሉ። እያንዳንዱ ፎቶ ማመልከቻ ይዟል፣ ማመልከቻው ላይ ደግሞ ሁለት ሁለት ጉርድ ሰው ተያይዟል። ጉርዶቹ ሰዎች ከደረታቸው በታች የላቸውም። ሁለቱም ጆሯቸው እንዲታይ ታዘው ቀጥ ብለው ወደ ፊት ያያሉ።

ከፊቴ አንዲት የምርቃት ፎቶ ቆማ ነበር። ጋዋን የለበሰች፣ ሳቋ ከክፈፏ የተረፈ።

«ስንት ጉርድ ሰው ነው የሚጠይቁት?» አልኳት።

«ሁለት። ከስድስት ወር ወዲህ የኖሩ መሆን አለባቸው። የቆየ ሰው አይቀበሉም።»

«የቆየ ሰው ያለው ምን ያደርጋል?»

«አዲስ ያስነሳል እንጂ ምን ያደርጋል!» አለችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንተ የማን አባሪ ነህ?»

«የማንም።»

«ታዲያ ብቻህን ምን ትሠራለህ እዚህ?» ብላ ፊቷን አዞረች።

ወደ መሬት ሳይ ነጥቦቹን አየኋቸው። አስፋልቱ ላይ፣ ደረጃው ላይ፣ ሣሩ ላይ ሁሉ የኪፍሬም ነጥብ ተተክሏል። ሰው አንዱን ነጥብ ረግጦ ወደ ሌላው ሲሄድ መጠኑ ይለወጣል። በእያንዳንዱ ሰው አናት ላይ ቁጥር አለ። ዳቦ ይዛ የምታልፍ አንዲት ሴትዮ መቶ ሆና ጀምራ መንገዱን ሳታቋርጥ ስድሳ ሆነች፤ ዳቦው ጣላት። ማንም አልደነገጠም፣ እሷም አልደነገጠችም። ተነሥታ ዳቦውን እየጎተተች ሄደች።

አንድ ሹም መጣ። መጣ ስል ጫማው መጣ ማለቴ ነው፤ መጠኑ አራት መቶ ስለነበር ሌላው አካሉ ከፎቁ በላይ ነው። አጃቢዎቹ ለቁርጭምጭሚቱ ጥላ ይዘውለታል። ፎቶዎቹ በሙሉ ሰልፉን ትተው ካልሲውን ከበቡና አጨበጨቡ።

«ምን አለ?» ብዬ አንዱን አጃቢ ጠየቅሁት።

«ምንም አይሰማንም፣ ሩቅ ነው» አለኝ። «ብቻ ትልቅ ነገር ነው የተናገረው።»

ያን ጊዜ ነው አባቴን ያየሁት። በግቢው ቀኝ ጥግ፣ ከታች፣ ስቱዲዮዎች ቪዲዮ ላይ ስልክ ቁጥራቸውን በሚለጥፉበት ቦታ በኩል ተንበርክኮ የሚያፈስ ቧንቧ ይጠግናል። ሰማያዊ ቱታውን ለብሷል። ቁመቱ ከጉልበቴ በታች ነበር። አናቱ ላይ ያለው ቁጥር ሠላሳ ስምንት ይላል። እያየሁት ሠላሳ ሰባት ሆነ።

«አባባ!»

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ምንም አልተበታተነም፣ ጥርት ያለ ነበር። ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ ነበረች። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፤ በሕልሜ ጮኼ አለቀስኩ።

«ደምሰው፣ መጣህ? በል ይቺን እንግሊዝ ቁልፍ ያዝልኝ፣ ከበደችኝ» አለኝ።

ቁልፉ አልቀነሰም ነበር። እሱ ነው የቀነሰው። ቁልፉ ከቁመቱ ይረዝማል፤ በሁለት እጁ አቅፎ ሊያዞር ይታገላል። ተቀበልኩት።

«ለምንድን ነው የምታንሰው አባባ?»

«ነጥብ ተተክሎልኝ ነው አሉ። መጀመሪያው መቶ፣ መጨረሻው ዜሮ።»

«ማነው የተከለብህ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሲተክሉ አልጠየቁኝም።»

«እና ዝም አልክ?»

«ቧንቧው እያፈሰሰ እኮ ነው» አለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ዜሮ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ኤዲተር መሆን አያስፈልግም። አንድ ሰው ነጥቡን ማንሳት አለበት፣ ያውም ቶሎ። አባቴን አንሥቼ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ሠላሳ አንድ ይላል። ፎቶዎቹን እየገፋሁ ገባሁ። አንድ የቡድን ፎቶ «ተራ ጠብቅ እንጂ! ሰው ስለሆንክ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ።

መስኮት አንድ ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ የአራት ሰከንድ ክሊፕ ነበረች። ቀና ትላለች፣ ፀጉሯን ትመልሳለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ታልቃለች። ከዚያ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ያለፈውን አታስታውስም።

«እንደምን አደርሽ እህቴ፣ ስለ አባቴ ነጥብ ልጠይቅሽ ነበር፣ አባቴ...»

ፈገግ አለች፣ አለቀች። ቀና አለች። «ምን ልታዘዝ?»

«ስለ አባቴ ነጥብ ነው የመጣሁት፣ ትንሽ አስቸኳይ ስለሆነ...»

ፈገግ አለች፣ አለቀች። ቀና አለች። «ምን ልታዘዝ?»

አሥራ አምስት ጊዜ ሞከርኩ። ሰላምታውን ተውኩት፣ «እህቴ»ን ተውኩት፣ «እባክሽን» ተውኩት። በመጨረሻ «የአባቴን ነጥብ ማን ተከለው?» ብቻ ብዬ ጮህኩ።

«ሦስተኛ ፎቅ፣ ጥራት ክፍል» ብላ ፀጉሯን መለሰች። አባቴ ሃያ አራት ሆኗል።

ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ጥራት ክፍል አልነበረም፣ የሰርግ አዳራሽ ነበር። ዙፋኑ ላይ ካሜራ ተሞሽሯል። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ በሦስት እግሩ ተንሰራፍቶ ተቀምጧል። ሙሽራውና ሙሽሪት ከኋላው ቆመው ገመድ ይጠቀልላሉ። እንግዶቹ በተራ በተራ እየመጡ ካሜራውን «አብርሃምና ሣራ ያድርግህ» ይሉታል።

«አልተያዘም! እንደገና ግቡ!» አለ ካሜራው።

እንግዶቹ ሁሉ ወጥተው እንደገና እልል እያሉ ገቡ። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን እየጎተቱ አጠገቤ ቆሙና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ ሞቼ እንደሆነ ንገረኝ፣ አልቀየምም» አሉኝ። «አሥራ አንድ ጊዜ ገባሁ። ምግብ ግን አላየሁም።»

«አልሞቱም እማማ፤ ቀረጻ ላይ ነዎት።»

«አይ እንግዲህ፣ ብሞት ይሻለኝ ነበር» አሉና ወጥተው ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ ገቡ።

ከኪሴ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማኝ። «ደምሰው፣ ኪስህ ውስጥ ያለው እስክሪብቶ ያፈሳል። ሸሚዝህ ሊበላሽ ነው።»

«ተወው አባባ! አንተ አሥራ ስድስት ሆነሃል!»

«ቆይ፣ በክር ልቋጥረው» አለኝ። ከኪሴ ስፌት ክር ሲመዝ ይሰማኛል።

ከካሜራው ዙፋን ጀርባ በር አገኘሁ፣ ጥራት ክፍል ይላል። ገባሁ። ኃላፊዋ ፊት ብቻ ነበረች፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የደረሰች፣ እያንዳንዷ የቆዳ ቀዳዳዋ ሰው የሚያስገባ። ስትናገር ወንበሮቹ ይንሸራተታሉ።

«የማን ጉዳይ ነው?»

አባቴን አውጥቼ መዳፌ ላይ አሳየኋት። ሰላምታ ሊሰጣት ኮፍያውን አወለቀ። አሥራ ሁለት ይላል።

«እንዳይቀንስ እለምናለሁ» አልኳት። «ቢቻል ወደ መቶ ይመለስልኝ። ረጅም ሰው ነበር።»

«አይቻልም። ይህ ሰው ማደግ አይችልም። ቢያድግ ይበተናል።»

«ለምን?»

«ሰው የሚያድገው የታየውን ያህል ነው» አለችና ዓይኖቿን ጨፍና እንደገና ገለጠች፤ ነፋሱ ሊጥለኝ ነበር። «አንድ ሰው አተኩሮ ሲያየው አንድ ነጠብጣብ ፊቱ ላይ ይጨመርለታል። ይህ ሰው ሥራ ቦታው ላይ ሁሉም ያየው ቧንቧውን ነው። ቤቱ ውስጥ ጀርባውን። ልጁስ ስንት ሰከንድ እንዳየው ልንገርህ?»

«አትንገሪኝ።»

«ሦስት ሰከንድ ተኩል። እሱንም ታሞ ሐኪም ቤት ሲገባ።»

«እኔ ሥራ ነበረብኝ» አልኳት። «የሰው ሰርግ ነበረብኝ። ቅዳሜና እሑድ የለኝም እኮ።»

«እኛም ሥራ ላይ ነን» አለች ኃላፊዋ። አባቴ መዳፌ ላይ ሆኖ «እውነቱን ነው፣ ሥራ ይበዛበታል» አላት። ያን ጊዜ የተሰማኝን ነገር ለጠላቴም አልመኝም።

«እሺ፣ ነጥቡን የተከለውን ሰው አሳዪኝ። እሱን ልለምነው።»

«ምድር ቤት፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለው በር ነው። በሩ ተቆልፎ አያውቅም። እስከ ዛሬ ግን ማንም ገብቶ ጠይቆት አያውቅም።»

ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ። ሳላይ ደረጃው ላይ የተተከለ ነጥብ ረገጥኩ። ማደግ ጀመርኩ። አንድ ደረጃ በወረድኩ ቁጥር ጣሪያው ይቀርበኛል። ደረጃው ግራና ቀኝ የቆሙት ፎቶዎች አጨበጨቡልኝ።

«እንኳን ደስ ያለህ! መቶ አርባ ገባህ!»

«አልፈልግም! መልሱኝ!»

«ማን ፈልገህ እንደሆነ ጠየቀህ? ፈገግ በል!»

እኔ ሳድግ ኪሴም አብሮኝ አደገ። አባቴ አምስት ሆኗል፣ ኪሴ ደግሞ ጆንያ አክሏል። ልፈልገው ጣቴን ሰደድኩ፤ ጣቴ ግን የግንድ ያህል ወፍሮ ስለነበር እንዳልጨፈልቀው ፈርቼ አወጣሁት።

«አባባ፣ የት ነህ?»

«ክሩን ይዣለሁ። አለሁ።»

«እንዳትለቅ!»

«አልለቅም። ግን ድምፅህን ቀንስልኝ ልጄ፣ ጆሮዬን አመመኝ።»

ይሄ ሁሉ ሲሆን አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በሕይወት እያለም እንዲሁ ነበር፤ ስልክ ሳላነሳለት ስቀር፣ «መጣሁ» ብዬ ስቀር፣ በማግሥቱ «ሥራ እንዴት ነው?» ብቻ ነበር የሚለኝ።

ምድር ቤቱ ጨለማ አልነበረም፣ ነጭ መብራት ነበረው። በሩ በኔ ቁመት ጠባብ ሆነብኝ። ጎንበስ አልኩ፣ ተንበረከክሁ፣ በመጨረሻ በደረቴ ተኝቼ ጭንቅላቴንና አንድ እጄን አስገባሁ። ሁለት ይላል።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። ሄድፎን አድርጓል። እጁ ማውሱ ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያልተበላ ግማሽ ሳንድዊች አለ።

«ወንድሜ!» አልኩት። «አንድ ነጥብ ብቻ አንሳልኝ! አባቴ ነው! አንድ ጊዜ ዞር ብለህ እየው፣ እባክህ!»

አልዞረም። ግራ እጁን አንሥቶ ቆይ የሚል ምልክት ሰጠኝ።

«አንድ ደቂቃ» አለ። «የሙሽሪት እንባ ላይ ነኝ።»

ነቃሁ።

ስልኬ እየጮኸ ነበር። ነግቷል። የደወለችው ታናሽ እህቴ ወይንሸት ናት፣ ከኮምቦልቻ።

«ደምሰው! ሰርጌ!» አለችኝ፣ ደህና አደርክ እንኳ ሳትል።

«ምን ሆነ ሰርግሽ?»

«አባባ አለበት እኮ! ጉልበቱን ስስም! ከኔና ከእሱ ሌላ ማንም አልነበረም፣ ካሜራው ፊት ለፊቱ ነበር! እጁን አንሥቶ ረጅም ምርቃት መረቀኝ፣ ረሳኸው? እንዴት እስከ ዛሬ ትዝ አላለንም?»

ፊቴን ሳልታጠብ ወደ ስቱዲዮ ሮጥኩ። ወይንሸት ስልኩን አልዘጋችም፤ እየሄድኩ ትንፋሿ ይሰማኛል። የዛሬ ስድስት ዓመት የሠራሁትን ሰርግ ከፈትኩት። ቦታውን መፈለግ አላስፈለገኝም። የስቱዲዮአችን ገጽ ላይ እንደ ናሙና የተለጠፈው እሱ ነው፤ ሙሽሮች ሲመጡ «እንደዚያ አልቃሽ ሙሽራ አድርግልን» እያሉ የሚያሳዩኝ። እኔ ያንን ቦታ የማውቀው በእህቴ እንባ ነው። የሳመችው ጉልበት የማን እንደሆነ ለካ ረስቼው ኖሯል።

አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የተዋሰው ኮት እጅጌው አጥሮታል። ወይንሸት መጣች፣ ጎንበስ አለች። ከሩቅ ነው፣ ወደ እሷም ስላቀረቀረ ከላይ ፀጉሩ ብቻ ይታያል። ሊመርቃት ቀና ሊል ጀመረ። ያኔ ምስሉ ማደግ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ በሙዚቃው ልክ፣ ወደ እህቴ ጉንጭ። እንዴት ያምራል! አባቴ ቀና ሲል ፊቱ በስክሪኑ አናት በኩል ወጥቶ ሄደ። የቀረው ጉልበቱና ቬሏ ላይ ያረፈው እጁ ነው። ከዚያ እንባዋ ወረደ።

«አገኘኸው?» አለችኝ ወይንሸት።

«ቆይ» አልኳት። «ዋናው ቀረጻ ሰፊ ነው። እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ነጥቡን ካነሳሁት ይመለሳል።»

የድሮውን ፕሮጀክት ከፈትኩ። ሁለቱ ነጥቦች እንዳስቀመጥኳቸው አሉ፤ መጀመሪያው መቶ፣ ሁለተኛው መቶ ስድሳ። ምስሉ ግን የለም፤ ቦታው ሙሉ በሙሉ ቀይ ሆኖ «ፋይሉ አልተገኘም» ይላል። ሙሽሮች ቪዲዮአቸውን በተረከቡ በወሩ ጥሬውን ቀረጻ እናጠፋዋለን፤ የስቱዲዮው ደንብ ነው፣ ሃርድ ዲስኩ ስለሚሞላ። የወይንሸትን ራሴ ነኝ ያጠፋሁት። ቢሆንም ሁለተኛውን ነጥብ አነሳሁት። ቁጥሩ ወደ መቶ ተመለሰ። ቀዩ ቀይ እንደሆነ ቀረ።

«ፊቱ ይታያል?» አለች።

«አይታይም።»

«ግድ የለም» አለችኝ፣ ልክ እንደ አባባ። «ምርቃቱ ይበቃናል። ድምፁን እናሰማቸው።»

ድምፁንም ያኔ አጥፍቼዋለሁ፣ ሙዚቃውን እንዳይረብሽብኝ ብዬ።